ባዶነቱን ማን አየ?

ሠላሳ ዓመት ኖርኩኝ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
የቁልፍ ጥርስ ስሞርድ፣ የጠፋውን ስፈጥር፤
የባንክ፣ የጓዳ፣ የሟች ሰው ሣጥን፣
ተጠርቼ ከፈትኩ፣ በሌትም በቀን።
ሰኞ ለታ ወረድኩ፣ በራስ መኮንን ድልድይ፣
ድምፅ ቆጣሪው ማሽን ሲሞከር፣ እስቲ ልይ።

ድሮ ገና ሲነጋ፣ ታዛቢ በሞላበት፣
ሣጥኑ ተገልብጦ፣ ቂጡን መታ መታ አርገንበት፣
አቧራ ብቻ ሲረግፍ፣ «ባዶ ነው» እንል ነበር፤
ከዚያ ነው ሰም የሚቀልጥ፣ የሚታሸግ በክር።

ይኼኛው አይገለበጥ።
ናርዶስ የምትባል ልጅ፣ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣
ጫን አርጋ በጣቷ፣ «ዜሮ ይላል፣ ይዩት» አለች።
አየሁት። ዜሮ ይላል።
ግን ባዶ ነኝ ብሎ ለራሱ ሲመሰክር፣
ሆዱን ማን አየለት፣ ከራሱ በቀር?

«ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?»
«ቁልፍ የለውም አባባ፣ የይለፍ ቃል ነው።»
ቃል!
ቁልፍስ ቢሰረቅ እንኳ፣ ኪስ ይፈተሻል፤
ቃል አፍ ለጆሮ ሹክ ሲል፣ ማን ደርሶ ይይዘዋል?

አልተቆጣችም። «ይሞክሩት» አለች።
ለሙከራ የተወዳደሩት ዣንጥላና መጥረጊያ ናቸው፤
ዣንጥላ ነካሁ፣ የኔን ቤት ረስቼው።
ከመስተዋቱ ጀርባ ጠባብ ወረቀት ወጣች፣
ዣንጥላ ታትሞባት፣ ሰባት እስክቆጥር ቆመች፣
ተቆረጠች፤
ታች ካለው የብረት ሣጥን፣ ጠብ አለች።

«ማሽኑን ከተጠራጠርን፣ እሷን እንቆጥራለን።»
እሺ። እሱስ ደግ ነበር።
የብረቱን ሣጥን ቁልፍ የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤
ሦስት ቁልፍ፣ ለሦስት ሰው፣
አንዱ ብቻውን የማይከፍተው።
አራተኛ አለመሞረዴን ግን
ማንም አልጠየቀኝ።