መሳሳት

እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥር ነው፣
የገባ፣ የወጣ፣ የተሰበረ፣ የጎደለ የምለው።
ግንቦት ነው፤ ኮምቦልቻ ቆርቆሮዋ ይንጣጣል፣
ቦርከና ቀጥኖ በድንጋዩ መሀል ይሳባል።
ጦይባ አራጌ መጣች ከላቦራቶሪው፣
በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርማ የወሰደችው
አንድ ቁራጭ ሲሊከን፤ ፊት የሚያሳይ፣ የተወለወለ፣
ውፍረቱ ከሽንኩርት ልጣጭ ያልተሻለ።

"ምነው እንዲህ ሳሳ?" አልኳት፣ በጣቴ ሳልነካው።
"ወፍራሙ ውድ ነው፣ ጋሽ ሙሄ፤
ለእኛ ጣሪያ የሚያዋጣው ስሱ ነው።
ግን ብርሃን ስስ ቤት አያድርም፤
በአንዱ በር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፣
እንደ ችኩል እንግዳ፣ ጫማውን ሳይፈታ
'በሉ ደህና ዋሉ' ይላል።"

ጻፍኩ፦ ወጪ፣ አንድ። ተቀባይ፣ ጦይባ።

ቤቴ ደሴ ነው፤ ሰኞ ገበያ ጀርባ።
ጧት ጧት ጦሳ ከአንገቱ በላይ የለም፣
አዝዋ ገደል ጉም ጠጥቶ አይጠግብም፤
ሰውም ጥላ የለው፣
ብርሃኑ ከየጎኑ ነው።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲይዝ
ኮምቦልቻ ከእግርህ ሥር ናት፤ ጠጠር ብትወረውር
የአንዱን ጣሪያ ታንኳኳለህ።
መንገዱ ግን አይወረወርም።
ግራ ይላል፣ ቀኝ ይላል፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ መጣበት ይመለሳል፤
ረዳቱም ሒሳብ የሚለቅመው
በዚያ በጥምዝምዙ መሀል ነው፤
ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ
ማን ከፍሎ ይወርድ ነበር?

ሐሙስ መብራት ጠፋ።
የጄኔሬተሩ ቁልፍ እንድሪስ ኪስ፤ እንድሪስ ደግሞ መስጊድ።
ጢሱን የሚስበው ማራገቢያ ቆሞ
ጦይባ ወጣች፣ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ፤
ሲሊከኑ ከነሙቅ ኬሚካሉ ቀረ፤
አሥር ደቂቃ የተባለው ወደ አርባ ተሻገረ።

ስታወጣው ጉም ለብሷል፤
የደሴን ጧት መስሏል፤ ፊቷን አላሳያት።
ኃላፊዋ አየና "ተሳስተሻል" አላት።
እኔም በቀይ እስክሪብቶ፦ ብልሽት፣ አንድ።
አላዘንኩም፤ ቁጥር አያዝንም።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ልዘጋ ስል፣ መስኮቴን መታችው፣
ቁራጩን በሁለት መዳፏ እንደ ጫጩት ይዛው።
"ቀዩን ሰርዝልኝ።"
"የመንግሥት መዝገብ አይሰረዝም።"
"ለክቼዋለሁ፣ ጋሽ ሙሄ። ሦስቴ። በዚያው አምፖል ሥር።
ከተወለወለው ይልቅ ይህ ነው ብርሃን የሚያስቀር።"

በአጉሊ መነጽሩ አሳየችኝ፦
ጦሳ። ጦሳ። ጦሳ።
ለዓይን የማይሞሉ ተራሮች፣ ጎን ለጎን፣ ሺ በሺ፤
ብርሃኑ አንዱን ጫፍ ሲረግጥ እግሩ ይከዳዋል፣
አግድም ይወድቃል፣
ከወለሉ ይላተማል፣ ተመልሶ ከጣሪያው፣
በሩ ጠፍቶበት እየተንከራተተ
በዚያች ልጣጭ ውስጥ
የስንት ቀን መንገድ ይሄዳል።

"ሐረጎ ነዋ!" አልኩ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

"ሁሉም ከመሳሳት መጣ" አለች፣ ሳቅ ይዟት።
የትኛውን መሳሳት እንዳለች አልጠየቅኳት።
የቁራጩን ነው? የእሷን ነው?
ወይስ አሁን፣ "ልያዝልሽ" ስላት፣
ጣቶቿ እምቢ ያሉትን?

መዝገቡ "ምክንያት" የሚል ጠባብ ዓምድ አለው።
ቀዩን አልሰረዝኩም። በሰማያዊ፣ ከጎኑ፣
"መሳሳት" ብዬ ሞላሁት፤
ኦዲተሩ ሐምሌ ላይ ሲመጣ
እንደተመቸው ያንብበው።

ወደ ደሴ ስንወጣ ጀምበሯ አዘቅዝቃ
በመኪናው መስኮት ገብታ፣ በየጥምዙ ስትዞር፣
ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው፣ ከሻሽ ወደ ቆብ ስትሻገር፣
ረዳቱ እጁን ዘርግቶ "ሒሳብ" አለ፤
ሳልቸኩል ከኪሴ ፈለግኩ፣
ገና ስንት መጠምዘዣ አለ።