የማክሰኞ ቅጠል

ከጭልጋ አመጣሁ ቅጠል ያረፈበት፣
አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ዘመን ያደረበት።
ዓይነ ስውሩ አባቴ፣ የቁስቋሙ መምህር፣
በጣቱ አነበበ የቅጠሉን ደም ሥር።

«ሃያ ሰባት ሚሊዮን ዓመቱ ነው» አልሁት፤
«እኛም በዝግመተ…» ቀሪውን ግን ዋጥሁት።
አዘዞ ክፍል ውስጥ ጮኼ የማስተምረው
ደጃፉ ላይ ስደርስ ምላሴን አሰረው።

ሳቅ አለ።
«ቅጠል የማክሰኞ ነው፣ ፀሐይ ረቡዕ መጣች፤
ያለ ጥላ ማክሰኞ በስንት ጫማ መሸች?»
«አንድም…» ብሎ ጀመረ፣ ሳይጨርሰው ቀረ፤
ድንጋዩን ከዳዊት ባንድ ማኅደር አኖረ።

ሌሊት ግን ሰማሁት፣ ሲዳብሰው፣ ሳይስቅ፤
ለድንጋዩ ይሁን ለእግዜር፣ እኔ አላውቅ፦
«ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ስትጠብቅ?»