እንቁላሉ ከላይ

ኪርያት ማላኪ፤ ዓርብ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤
ሰንበት ልትገባ ትንሽ ሲቀራት፤
ሱፐሩ ታጭቋል፤ ጋሪ ከጋሪ ይላተማል፤
አንዱ የሰንበት ዳቦ ይሻማል፣ አንዱ በስልክ ይጮኻል።
እኔ ኩፓ ሦስት ጋ ቆሜያለሁ፤
አንድ ባለ አምስት ሸቅል ጨብጫለሁ፤
ሞቆ፣ ወዝቶ፣ ላቤን ጠጥቶ፣
ከመዳፌ ጋር ተጣብቶ።

ለማን እንደምሰጠው አውቃለሁ፤
እንዴት እንደምሰጠው ነው ያጣሁ።

እዚያ፣ ከላሪሳ ኩፓ ጫፍ፣
አረንጓዴ ሰደርያ የደረበው፣
ለሰው ዕቃ በፌስታል የሚከተው፣
አያ ጀጃው ነው።

ያ ጀጃው!
ድንበር ሲገፋ፣ በሬ ሲጠፋ፣
ወንድም በወንድሙ ሲከፋ፣
«እስቲ ጀጃው ይምጣ» የተባለለት፤
አባቴና እናቴ ሊፋቱ ቆርጠው
ከአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ
ሦስት ቀን ያዋላቸው፣
እስኪስቁ ድረስ ያልለቀቃቸው።
እኔ ልጅ ነኝ የዚያ ሣቅ፤
ላሪሳ ይህን በምን ታውቅ?

ብሰጠው፣ ሽማግሌዬን መጸወትሁት።
ባልሰጠው፣ ላቡን በላሁበት።

ከፊቴ ያለው ጎልማሳ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ተተክሎ፣
የአጎሮት ርጋፊ እንደ ዶሮ ጥሬ በትኖለት ሄደ።
ባለ መነጽሯ «ቶዳ፣ አባ» ብላ ፈገግታዋን ሰጠችው፤
ፈገግታ ቢመነዘር ስንት ዳቦ በገዛ።
አንድ ወታደር ልጅ ግን፣ ጠመንጃው ከጀርባው፣
ዕቃውን ራሱ ከተተና፣ ከዚያም ሰጠው።
ወደድሁት ልጁን። ግን እሱም ከጭንቄ አላወጣኝም።

ጉርሻ ይለዋል ቋንቋችን፤
ለአሳላፊው ሳንቲምም፣
ጠቅልለው አፍ ለሚያደርሱትም፣
አንድ ቃል ነው ያለን።
ታዲያ የሚያጎርሱትን ሰው ዓይኑን ያዩታል፤
አፉን እስኪከፍት ይጠብቁታል፤
ወርውሮ ያጎረሰ ማን አለ?
አንድ ያጣላል ብሎ ሁለተኛ ያልጠቀለለ?

ተራዬ ደረሰ።

ላሪሳ ጢጥ፣ ጢጥ፤ ሩዝ፣ ዘይት፣ በረኪና፣
ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዐሥራ ሁለት እንቁላል።
አያ ጀጃው ቀና አላለም፤
እጁ ብቻ ይዳኛል፦
በረኪና ከዳቦ ይለይ፤
ጠርሙስ ከጠርሙስ አይናከስ፣ ካርቶን መሐላቸው ይግባ፤
ሽንኩርት ይሸከም፤ ቲማቲም ይከበር፤
እንቁላሉ ከላይ።

በሁለት እጄ ዘረጋሁለት፣ ጎንበስ ብዬ፣
የበደለ ሰው መስዬ።
ቀና አለ። አወቀኝ።
«የአለልኝ ልጅ» አለ፤
«ምነው ጎነበስሽ? ለቅሶ ቤት መሰለሽ?
ሽምግልናው በነጻ ነበር፤ ይሄ ግን ሥራዬ ነው።
ለዕድሜዬ ከሆነ፣ ወደ ኪስሽ መልሺው፤
ለእንቁላልሽ ከሆነ፣ አምጪው።»

ቀና ብዬ ሰጠሁት።
በሑሙስ ዕቃው ውስጥ ጣለው፤ ቅጭል አለ።
«ሻባት ሻሎም» አለኝ፤ ዓይኑ ቀድሞ
ወደሚቀጥለው ዕቃ ሄዶ።

በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸውን ሰውዬ
ስንት ዓመት አለፍሁት፣ ስሙን ሳልጠይቅ?
ጋዙን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣልኝን፣
ፀጉሬን ስታጥብ «ውሃው ፈጀሽ?» የምትለኝን ልጅ፣
እያሰብሁ ደረጃውን ወጣሁ።
ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል።

ቤት ገብቼ ዕቃዬን ፈታሁ።
በረኪናው ለብቻው። ጠርሙሶቹ ደኅና።
ዐሥራ አንድ እንቁላል ደኅና።
አንዷ ግን ተሰንጥቃለች፤
ስንጥቋ እንደ ፀጉር የቀጠነ።
ከደረጃው ይሆን? ከኔ? ወይስ ከአያ እጅ?
ምስክር የለ፣ ዳኛ የለ፤
ያለው አንድ ዳኛ፣ እሱም ተከሳሽ ነው።

ሰንበት ሳትገባ ጠበስኋት፤
ጨው ነሰነስሁባት፤
ቆሜ በላኋት።
ለማንም አልነገርሁባት።

ለሚመጣው ዓርብ ባለ አምስቱን
ከአሁኑ ከቁልፌ ጎን አስቀምጬዋለሁ።