አምስት ዐይን፣ ሰባት ዐይን

አርባ ዓመት ሙሉ፣ በሜልቡ ወደብ ዳር፣
መረብ ስጠግን ኖርሁ፣ ገመድ ስፈታ ስቋጥር፤
ውፍረቱን በጣቴ፣ ክብደቱን በክንዴ፣
ዐይኔን ጨፍኜ እንኳ ስቼ አላውቅም አንዴ።

አስቢዮርን ሲያርፍ ግን የተወልኝ ውርስ
አሮጌ መኪና፣ ቤንዚን የማትቀምስ፤
ሰማያዊ፣ ጃፓን ሠራሽ፣ በሯ የተላጠ፣
ባትሪዋ በየበረዶው ግማሹ የተሟጠጠ።
አፍንጫዋ ላይ ክዳን፣ ከክዳኑ ሥር ጓዳ፣
ግራና ቀኝ የቆመ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ።
«ይሄኛው ለጥድፊያ፣ ያኛው ደሞ ለእርጋታ»
ብሎኝ ነበር አንዴ፣ ዓሣ ስገፍፍ ማታ፤
እኔ መች ሰማሁት! ሰው በቤት እያለ
ማን ጆሮ ይሰጣል? ነገ ይደግመው የለ!

ቦዶ ወረድኩና ለገመድ ፍለጋ፣
ትሩልስ የሚሉት ሻጭ አወጣ ባለ ዋጋ፤
«ሠላሳ ሁለት አምፔር፣ ባለ ሦስት መስመር፣
ሃያ ሁለት ኪሎዋት ይዞ የሚበር፤
እንዲህ ያለው ገመድ ካንድም ሦስት መኪና
ያሳልፋል» አለኝ፣ ጎንበስ ብሎ በትሕትና።
ዳሰስኩት፤ ወፍራም ነው፣ መልሕቅ ይጎትታል።
በቀጭን የታሰረ ጀልባ ማዕበል ይወስደዋል
ሲባል አይደል ያደግሁት? ገዛሁት፤ ምን ይባላል።

ቅዳሜ ወደቡ ላይ፣ ባትሪው ስምንት ከመቶ፣
እንኳን ባሕር ማዶ፣ እቤቴም መድረስ ቀርቶ፣
ከፈጣኑ ምሰሶ ሦስት እጀታ ተንጠልጥሏል፤
ሁለቱ ወንድማማች፣ አንዱ ብቻውን ቀርቷል፣
ክብ፣ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ የኔዋ የምትፈልገው፤
ፕላስቲክ አጥልቀውበት፣ «አይሠራም» ብለው ጽፈው።
እንደ ሞተ ቋንቋ፣ ተናጋሪው ያለቀ፣
በበረዶው መሀል ዝም ብሎ የደረቀ።

ዘገምተኛው ምሰሶ የራሱ ገመድ የለውም፤
አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ያመጡለትን አይጠላም።
የቦዶውን አወጣሁ። ምሰሶው ላይ ጠቅ አለ።
ሌላውን ጫፍ ለመኪናዋ ባቀርበው፣ እምቢ አለ።
ገፋሁ። አዞርኩ። ጓንቴን አውልቄ እፍ አልኩበት።
ኧረ አስቢዮርን፣ ምን ነበር ያልከኝ ያን ለት?

ሲሴል ደረሰች፣ ያሥራ አንድ ዓመት፣ የትኬት ቆራጩ ልጅ፤
«ሴትዮ፣ አትግፊው! በቁጥር ነው እንጅ!
የምሰሶው ዐይን ሰባት፣ የመኪናሽ አምስት፤
ገመድ ማለት እኮ ሁለት ጫፍ ነው፣ ሁለት!
አንዱ ጫፍ ለሰጪው፣ አንዱ ለተቀባይ፤
አምስት ያለው የታለ? የኋላውን ልይ!»

ከትርፍ ጎማው ሥር፣ ከድንች ጆንያ በታች፣
ቀጭን ብርቱካናማ ገመድ ጎትታ አወጣች።
በሲባጎ ታስሯል። እኔ ያስተማርኩት ቋጠሮ፣
እንደ ልማዱ ተሳስቶ፣ ግራው በቀኝ ዞሮ።

ትንሽ ዝም አልኩ።

«ቀጭን ነው» አልኳት ኋላ። «ይሁን፤ የመኪናሽ ጉሮሮ
አሥራ ስድስት አምፔር ነው፣ አያልፍም ተቆጥሮ፤
እንሥራ ብታጋድሚ፣ የምትጠጣው በማንኪያ ነው።»
ያሥራ አንድ ዓመት ልጅ! ይህን ያስተማራት ማነው?
አርባ ዓመት ስለ ገመድ ያወቅሁት መሀሉን ነበር፤
ጫፉን የምታውቀው ለካ ወደብ ላይ ትዘል ነበር።

አምስቱን ለመኪናዋ፣ ሰባቱን ለምሰሶው፤
ጠቅ። ጠቅ። አረንጓዴ መብራት በረዶውን ቀባው።
ከሆዷ ንብ የገባ ያህል አንዳች ነገር እምም አለ።
ጀልባው መጣ፣ ጫነ፣ ጮኸ፣ ሄደ፤ እኔን ጥሎ።

ለእኅቴ ለቶርዲስ ደወልኩ፤ «የሚቀጥለው ላይ ነኝ፣
ወይም ከዚያ ቀጥሎ ያለው ላይ» ብላት ሳቀችብኝ፤
«ድሮም አንቺ ጉድቬይ…» አለች። ሾርባውን አውርዳዋለች።

ወፍራሙን ላባትሽ ልስጠው፣ ጀልባውን ይሰርበት
ብላት ሲሴል ተቆጣች፤ «አስቀምጪው፣ ጊዜ አለው፣
ሌላ መኪና የገዛሽ ለት!»
ሰባ አራት ዓመቴ ነው።
ከድንቹ ጆንያ ላይ መልሼ አስተኛሁት።