ሰባተኛዋ

ሐምሌ እዚያ አገር ጭቃ አያቦካም፣
ጭጋግ አያለብስም፣ ጃንጥላ አያስመካም።
በደቡብ ካሮላይና፣ ኤዲስቶ ወንዝ ዳር፣
አስፋልቱ ይለሰልሳል እንደ ሞቀ ማር፤
ውሻ ከመኪና ሥር ጥላ ተከራይቶ
ምላሱን ዘርግቶ ይውላል ተኝቶ።
ያን ጊዜ ነው ቲማቲም የሚቀላው፤
ያን ጊዜ ነው ሰው ምሳውን ቆሞ የሚበላው፣
ከዕቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ፣
እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክርኑን ወደ ውጭ ጥሎ።
ነጭ ዳቦ፣ ማዮኔዝ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣
አንድ ወፍራም ቁራጭ፣ ከነውኃው ከነፍሬ።
ሳህን የሚፈልግ እንግዳ ነው፤ ይታወቅበታል።
ዳቦው እጁ ላይ እስኪፈርስ ማን ይጠብቃል?

አክስቴ ኦዜላ ጓሮ ነበራት።
አክስቴ ቨርዲ መጥበሻ ነበራት፤
የእናታቸው መጥበሻ፣ ጥቁር፣ የብረት፣
ስብ ሲጠጣ የኖረ ሰባ ዓመት።
ከቀብር ማግስት "ማን ወሰደው" በሚል ነገር
ዘጠኝ ዓመት ተኳረፉ፣ እዚያው በአንድ መንደር።
አንድ የበቆሎ ማሳ ብቻ በመሃል፤
እሁድ እሁድ አንዷ ግራ፣ አንዷ ቀኝ፣ ሰባኪው መካከል።

እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እግረ ቀጭን፣ ኪሰ ቀዳዳ፣
ያለ ደመወዝ ተላላኪ፣ የሁለት ዝምታ ባለ ዕዳ።
ሰኔ ላይ አረንጓዴዎቹን ኦዜላ ትልካለች፤
ቨርዲ ቆራርጣ፣ የበቆሎ ዱቄት አልብሳ ትጠብሳለች፤
ግማሹን በጨርቅ ሸፍና "ውሰድ" ትለኛለች።
ለማን እንደሆነ አትናገርም።
ኦዜላም ማን እንደጠበሰው አትጠይቅም።
ቆማ ትበላለች፤ ጣቷን ትልሳለች፤
"ጨው አንሶታል" ትላለች፤
ጨርቁን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትመልሳለች።

ሐምሌ ሲገባ ግን ቀዩ ነው፣ የደረሰው፣
ጠዋት የተቀጠፈው፣ ሙቀቱ ገና ያልተለየው።
የቅጠሉ ሽታ እጅ ላይ ይቀራል፤
ሳሙና ይለማመጠዋል እንጂ መቼ ያስለቅቀዋል።
መንገዱ አጭር ነበር። እኔ ነበርሁ የማስረዝመው።
በቆሎው መሃል ቁጭ ብዬ፣ ሰው እንዳያየኝ ተጠንቅቄ፣
ከላይ ያለችውን፣ ትከሻዋ የተሰነጠቀውን፣
ገበያ የማያወጧትን፣
ነከስኋት።
ሞቃት ነበረች፣ ነፍስ እንዳለው ነገር።
ሸሚዜ ይመሰክርብኝ ነበር።
በሣር እጄን ጠርጌ፣ አፌን በክንዴ አብሼ፣
ስድስቱን አደርሳለሁ፣ ሰባተኛዋን ጨርሼ።
ሰባኪው "አትስረቅ" ባለ ቁጥር ወንበሩ ይቆረቁረኛል፤
ሰኞ ደግሞ ቅርጫቱ ይጠራኛል።

አንድ ማክሰኞ፣ እዚያው በቆሎው መሃል፣ ቅርጫቱን ስገልጥ
ከቲማቲሞቹ አናት ላይ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ።
ፈታሁት።
ጨው ነው።
ቁንጥር ጨው፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ።
ነፋስ አልነበረም። በቆሎው አልተንሾካሾከም።
ለካ ስትቆጥር ኖራለች፤
ስድስት ለእህቷ፣ አንድ ለመንገደኛ።
ለካ ሌባ አልነበርሁም፤ ስንቅ ነበር የያዝሁት።
ጨውን ነሰነስሁ።
እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም፤
እንደዚያን ቀንም አፍሬ አላውቅም።

ቨርዲ በየካቲት ሞተች።
የካቲት ቲማቲም የለውም።
ከሱቅ የመጣው፣ ሐመር፣ ድንች የመሰለው፣
ሐዘን ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሰው አይቶ አለፈው።
መጥበሻውን እኔ ተሸከምሁት፣
ባዶውን ማሳ አቋርጬ፣ ደረቴ ላይ ታቅፌ።
ኦዜላ አንድ ቃል ሳትናገር ምስማር ላይ ሰቀለችው፤
እስከ ሰኔ ድረስ እሳት አላሳየችው።

በሰኔ አረንጓዴዎቹን ቆረጠች፤ ዱቄት አለበሰች፤
ስቡ ሲንጫጫ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።
ቆማ በላች። ጣቷን ላሰች።
"ጨው አንሶታል" አለች።
ግማሹን በዚያ በተተኮሰው ጨርቅ ሸፍና
"ውሰድ" አለችኝ።

ለማን ብዬ አልጠየቅሁም።
በቆሎው እስከ ትከሻዬ ደርሶ ነበር።
ገባሁ።