በሙሉ ድምፅ

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሐይቅ ከተማ ላይ ዝናብ ወርዶባት፣
አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ሰው ከሰው አይሰማም፤
ቢሰማም ያን ለታ የሚለወጥ የለም።
ሰኔና ሰኞ ነው፤ ወሩ ሰኞ ገብቶ
ሰኞ ሊሰናበት፣ ካዝናውን አስከፍቶ።

ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ፤
ውሳኔው ጠዋት ነው፣ ሻይ ሳልጠጣ ያለቀልኝ፦
«ምክር ቤቱ መክሮ፣ በሰፊው ተወያይቶ፣
በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» ፊርማ ብቻ ቀርቶ።

ጥራዙ የመጣው ከምሳ በኋላ፣
ሁለት መቶ ዐሥር ገጽ፣ ገና ትኩስ ገላ፤
የኮፒ ማሽን ሽታ ከላዩ አልጠፋም፣
የቀረን ሰዓትም ለመቁጠር አይበቃም።
«ተጨማሪ በጀት»፣ ርእሱ ቀጠን ያለ፣
ሆዱ ግን ሰፊ ነው፣ ያልገባበት የለ።
ገጽ ዘጠኝ የወባ መድኃኒት አለበት፣
ገጽ ሃያ ሦስት ላይ የድልድይ እድሳት፣
ከዚያ ወንበር፣ ወንበር፣ የሚሽከረከር፣
(አምና የተገዛው ላስቲኩ ሳይነሣ ተከምሮ ከስቶር)
ኮምቦልቻ ሆቴል የሦስት ቀን ሥልጠና፣
«ስለ ቁጠባ» ነው፣ ከነአበሉ፤ ገና
ገጽ መቶ ሰባ ላይ የከንቲባው መኪና።

ሰማንያ ስምንት ላይ የኔም ስም ነበረ፤
የትርፍ ሰዓት ክፍያ፤ ዐይኔ መች አፈረ።

አፈ ጉባኤው ቆሙ፦
«ያልተበላ በጀት ተመላሽ ይሆናል፣
ለከርሞ ሲሰጡን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤
ይኼን ያላወቀ ልማትን ይጠላል።
የምትደግፉ?»
እጅ ተነሣ፣
እንደ ማሽላ ማሳ።

ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ እጅ ተኝቷል፤
ቅርፊት የነካው ነው፣ ጥፍሩ ሥር ያበራል።
ሙሂባ እንድሪስ ናት፣ ዓሣ ቸርቻሪዋ፣
የሰፈራችን ቅሬ የገንዘብ ሣጥን ያዥዋ፤
ሣጥኑ ባለ ሦስት ቁልፍ፣ ሦስት ሰው ካልመጣ
ለሞተ ሰው እንኳ ሳንቲም የማይወጣ።

ተነሣች። ዝናቡ ጋብ አለላት መሰል፣
ወይ እኛ ነን ዝም ያልን፤ መለየት ያስቸግራል።

«አብሽሩ፣ አላረዝምም። የባሌን መረብ
ሠላሳ ዓመት ስቤአለሁ፣ በብርድ፣ በረሃብ፤
ዓሣም ጭቃም ይወጣል፣ አንድ ላይ ተጠምዶ፤
ማን ባንድ ሚዛን ሸጠው፣ ጭቃን ከዓሣ ወልዶ?
ይኼም መረብ ነው። ዓሣው ገጽ ዘጠኝ ላይ፣
ጭቃው መቶ ሰባ፤ ሳልለየው ልብላው ወይ?
መድኃኒቱን ለብቻው አውጥታችሁ አምጡልኝ፣
ሁለቱንም እጄን ባነሣ ማን ሊይዘኝ?
መኪናውንም ለብቻው፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ሰው ሁሉ እያየው፣ ሊያፍር የሚችል ካለም ይታይ።
ቅሬያችን የተረፈው ለከርሞ ይተኛል፤
ሰኔ አለቀ ብሎ ማን ለቅሶ ይገዛል?»

ሳቅ ሆነ።
ጌጡ አሊ ተነሣ፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት፦
«ወባ ሰኔ አያውቅም፤ ሕፃን ነው የሚሞት።»
ሳቁ ተቋረጠ።

ሙሂባ መልስ አጣች። ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች፤
እጇን ግን ከጠረጴዛው አላነሣች።

ሠላሳ አንድ ለአንድ። ጸደቀ። ጭብጨባ።

እኔ ነኝ የቸገረኝ፣ እስክሪብቶ ይዤ፤
«በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ሠረዝኩ ተክዤ፣
«በአንድ ተቃውሞ» አልኩ ከላዩ፣ በጠባብ፣
ፊደሉ እንደ ጉንዳን፣ ለማይፈልግ የማይነበብ።
«ንጹሑን ወረቀት አበላሸኸው» አሉኝ
አፈ ጉባኤው ሲወጡ፤ ጃንጥላ አስያዙኝ።

መኪናው ሐምሌ ገባ፣ ጭቃ እየረጨ፤
መድኃኒቱም ጥቅምት ላይ፣ ግማሹ፣ ተንጫጨ
ሰው በጤና ጣቢያው በር።

እኔም አበሌን ይዤ ዓሣ ልገዛ ሄድኩ፤
የዱቤ ደብተሯን ገለጠች፤ ስሜን አየሁ፣ ደነገጥኩ።
መቶ አርባ ብር፣ የአምናው፣ እዚያው ቁጭ ብሎ አለ፤
ሰኔ ሠላሳ አልፎ ሳንቲም መች ጎደለ።