ውረጂ

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆማብኛለች፤
ስሟ ቀበኔ ነው፣ አሥራ አንድ ሞልታለች።
እኔ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ግንብ ላይ ተወዝፌ፣
እርሳስ በጆሮዬ፣ ደብተሬን አቅፌ፣
«ወንዳወንድ ነበረች» ብዬ ጀምሬያለሁ፤
ከዚያ ወዲህ ግን
አንድ መስመር ጽፌ ሁለት እሰርዛለሁ።

መጀመሪያ ሱሪ አለበስኳት፤ የወንድሟን፣
ጉልበቱ ላይ የተጣፈውን።
ይኸው ደግሞ በአጠገቤ
አምስት ሴት ተማሪዎች በብስክሌት አለፉ፣
አምስቱም ሱሪ ለብሰው፤
አንዷ ጥፍሯን ተቀብታ፣
አንዷ እየሳቀች፣ እጇን ከመሪው ለቃ።
ሱሪውን ሰረዝኩት።
ቀሚስም አልሰጠኋት፤
ልብሷን ሳልጠቅስ ተውኳት።

ጸጉሯን ላጨኋት።
ሐዘንተኛ መሰለች፣ አባቷን የቀበረች።
በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሼ አበቀልኩላት።

ወንጭፍ ሰጠኋት። ዒላማው አባ ኮዳ፣
አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት የሚጠብቅ፣
መላጣ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ የቆመ።
ወንጭፉን አየችው። አባ ኮዳውን አየችው።
«ምን አደረገኝ?» አለች።
ድንጋዩን ሐይቁ ላይ ወረወረችው፤
ሦስቴ ዘለለ።
አራተኛውን እኔ አልጻፍኩትም፤ ራሱ ዘለለ።

የአባቷ ባጃጅ አቶቴ መታጠፊያ ላይ ቀጥ አለች።
ቀበኔ ካንዴላውን ፈታች፣
በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ እፍ አለችበት፣ መለሰች።
(ቀሚስ መልበሷን ያወቅኩት ያኔ ነው።)
ሞተሩ አሳለ፤ ተነሣ።
ተሳፋሪዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፦
«ምነው ይቺ ልጅ ወንድ በሆነች!»
ምስጋና መሆኑ ነው።
«ወንድ ልጄ እኮ ናት!» አለ አባቷ፣
ደረቱ ተነፍቶ።
እሷ ግሪሷን በሣር ጠረገች።
አንዳቸውንም አልመለሰች።

ቃሉን ደብተሬ ላይ ገነጣጠልኩት፤
ሁለት ወንድ ቆጠርኩ፣ ሴት ግን አላገኘሁ፤
ከመካከላቸው አንድ «ኣ» ብቻ አየሁ፣
እንደ ተከፈተ አፍ።

እኔም አንድ ሾላ ነበረኝ፣
ታቦር ተራራ ሥር፣ በዘጠኝ ዓመቴ።
ከላይኛው ቅርንጫፍ ሐይቁ ሙሉውን ይታያል፣
ታንኳዎቹ እንደ ተበተነ ክብሪት።
እዚያ ላይ ምንም አልነበርኩም፣
ወንድም፣ ሴትም፣ ወንዳወንድም።
ጉልበት ነበርኩ። ቅርፊት ነበርኩ።
እትዬ ዘነቡ ዣንጥላቸውን ይዘው መጡ፤
ቀና ብለው አዩኝ፦
«አንቺ ወንዳወንድ! ውረጂ!»
ያኔ ገና ቀሚሴ ትዝ አለኝ።
በአንድ እጄ ቀሚሴን፣ በአንድ እጄ ግንዱን ይዤ፣
ዛፍ በአንድ እጅ እንደማይወረድ
የዚያን ዕለት ዐወቅኩ።
ጠባሳው አገጬ ሥር አለ። ስስቅ ይጠፋል።

እናስ፣ ቀበኔ፣ ምን ላድርግሽ?
ለካ የጎደለሽ ሱሪ አይደለም፣ ወንጭፍም አይደለም፤
ከዛፉ ሥር የሚቆም ሰው ነው፣
ዣንጥላ የያዘ።
እሱን ልጽፍ ብል
እጄ እምቢ አለኝ።

ሾላው ላይ አወጣኋት።
ከሥሯ አንድ ውሻ ብቻ አስተኛሁ፣
ቀና ብሎ የማያይ፣ ሽማግሌ ውሻ።
ንፋስም ጨመርኩ፣ ጥቂት።

መሸ። ከወደ ገበያው የዓሣ ሽታ ይመጣል።
ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ፤
ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ፦
«እትዬ፣ ይውረዱ እንጂ! ደግሞ በዚህ ዕድሜ!»
ቁልቁል አየሁ።
እግሬ ከመሬት ርቆ ተንጠልጥሏል፤
አንዱ ጫማዬ ወድቋል፣ መቼ እንደወደቀ እንጃ።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።